የነፋስ ውሾች ሜዳ

ያን ጊዜ መቀመጥ አልችልም ነበር። ጀርመን አገር፣ ፌኸንሃይም ካለው የካርቶን ፋብሪካ የጠዋት ፈረቃዬን፣ ፍሩሺሽቴን፣ ጨርሼ ስወጣ ሽትራሰንባኑን፣ የከተማውን ባቡር፣ ቆሞ መጠበቅ ስለማያስችለኝ ወደሚቀጥለው ፌርማታ በእግሬ እሄዳለሁ። መንገድ ላይ ሳለሁ ባቡሩ ጥሎኝ ያልፋል። ግጥምም የማወጣው እንዲሁ እየተራመድኩ ነበርና ቤት ስደርስ ግማሹ ጠፍቶኝ ይገኛል።

"ምን ያቁነጠንጥሃል አንተ?" ትለኛለች ታላቅ እኅቴ። ፕሮይንገስሃይም የሚባል ሰፈር ሁለት ክፍል ተከራይተን አብረን ነበር የምንኖረው። እሷ በመስከረም ልታገባ ነው። እኔ ደግሞ በሠርጓ ማግሥት ከተማውን ጥዬ እሄዳለሁ ብያለሁ። ወዴት? አልወሰንኩም።

ሜዳውን ያገኘሁት እንዲህ ስዞር ነው። ከፋብሪካዎቹ ጀርባ፣ ወደ ወንዙ ሲወረድ፣ እንደ እንቁላል ሞላላ የሆነ ሣር የዋጠው ሜዳ አለ። ሳማ በቅሎበታል። በአንድ ጥግ ዘንበል ያለች የእንጨት ማማ፣ ከሥሯ ሰፊ የእንጨት ቤት፣ ከቤቱ ደጃፍ አንዲት ውሻ። እንዲያ ያለች ውሻ አይቼ አላውቅም። እግሮቿ ሸምበቆ፣ ጎድኗ አንድ በአንድ የሚቆጠር።

"ርቧት አይደለም፤ አፈጣጠሯ ነው" አለኝ ከውስጥ የወጣ አንድ ያረጀ ጀርመናዊ። ሰው እንዲህ ሲያያት ለምዶታል መሰለኝ። ዘሯን ቪንድሁንድ ይሉታል፤ የነፋስ ውሻ እንደ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲያ ከሥራ ስወጣ እሱ ጋ ጎራ ማለት ለመድኩ። ሜዳውን የሠሩት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው አለኝ፤ አባቱም አካፋ ይዞ ነበር። በዚያ ዘመን እሑድ እሑድ ሰው ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ልጆቹን አስከትሎ የውሾች እሽቅድምድም ሊያይ ይመጣል። ውሾቹ ቀይና ሰማያዊ ሰደርያ ለብሰው ሳጥናቸው ውስጥ ይገባሉ። እሱ ማማው ላይ ሆኖ ሞተሩን ሲያስነሳ ገመዱ መጠምጠም ይጀምራል፤ ከገመዱ ጫፍ የታሰረው ነገር መሬት ለመሬት ይፈተለካል፤ የሳጥኖቹ በር ይከፈታል።

"የታሰረው ጥንቸል ነው?"

"ድሮ የጥንቸል ቆዳ ነበር። ቆዳው ሲያልቅ አንሶላ ቀደድን። ለእነሱ ልዩነት የለውም። ነጭ ይሁን፣ ይሽሽ፤ በቃ።"

በኋላ ተመልካቹ ቴሌቪዥኑ ጋ ቀረ። ጎረቤት ስለ ጩኸቱ ከሰሰ። የፌርአይኑ፣ የማኅበራቸው፣ ሰዎች አረጁ፤ ወጣቶቹም ውሾቻቸውን ይዘው ሌላ ከተማ ወዳለ ሜዳ ሄዱ። እሱ ከመጨረሻዋ ሯጭ ጋር ቀረ።

በዚያው በጋ የሐበሾች የጸሎት ኅብረታችን የሚጸልይበትን አዳራሽ አጣ። አከራዮቹ ከበሮውና ኪቦርዱ በዛብን አሉ። የእኅቴ የሠርግ ጥሪ ተበትኗል፤ ጥሪው ላይ የተጻፈው ቤት ግን ተዘግቷል። ሌሎች አዳራሾች ስንጠይቅ ለሚቀጥለው ዓመት ነው ቴርሚን፣ ቀጠሮ፣ የሚሰጡን። እኅቴ አላለቀሰችም። ማታ ማታ አንድ ሸሚዝ ደጋግማ ትተኩሳለች። ይህን ማየት ሲያቅተኝ ስለ እንጨቱ ቤት ነገርኳት።

የኅብረቱን ሽማግሌ ይዘን ሄድን። ጋሼ አገር ቤት ዩኒት መሪ መምህር የነበሩ፣ ለቅዳሜም ለእሑድም ክራቫት የሚያስሩ ሰው ናቸው።

"ጠይቀው፤ ቁማር ነበረበት?"

ጠየቅሁት። ጀርመናዊው በሳንቃ የተዘጋ መስኮት አሳየን። ድሮ እዚያ ይወራረዱ ነበር፤ በኋላ ቀርቶ ለዋንጫ ብቻ ነበር የሚሮጡት።

"ለዋንጫ?" አሉ ጋሼ። "ውሻ ዋንጫ ምን ያደርግለታል?"

ይህን አልተረጎምኩም።

"መስኮቱን እንጸልይበታለን" አሉ። የእኅቴ ፊት ሲፈታ አየሁ። ጀርመናዊው ቤቱን ሊሰጠን ተስማማ፤ አንድ ነገር ግን አስጠነቀቀን፦ ውሻዋ ዕድሜዋን ሙሉ የተኛችው አዳራሹ ውስጥ ምድጃው አጠገብ ነው፤ ማንም ቢመጣ አትወጣም።

ለጋሼ ስነግራቸው ድምፄ አነሰ።

"ከእኛ ጋር? እየጸለይን? አንተ ልጅ፣ ቤተ ክርስቲያን የገባች ውሻ ሲባል አልሰማህም?"

"ጋሼ፣ እኛ እኮ ጴንጤ ነን።"

"ብንሆንስ! ጴንጤ ከውሻ ጋር ይጸልያል የተባለው የት ላይ ነው?"

"ጋሼ" አለች እኅቴ ቀስ ብላ፣ "እሷ ቤቷ ነው። የገባነው እኛ ነን።"

ጋሼ ውሻዋን አዩ፤ ውሻዋም አየቻቸው። "ጥጓን ትያዝ" አሉ በመጨረሻ። "ከጥጓ ከተነሣች ግን እወጣለሁ። ሠርግም ቢሆን።"

የሠርጉ ቀን መዘምራኑ ጀመሩ፤ እኅቴ በሙሽራው ክንድ ገባች። የተዋሰችው ቬሎ ረዥም ነበር፤ ጭራው ወለሉን እየጠረገ ከኋላዋ ይከተላል። ያን ጊዜ የውሻዋ ጆሮ ቆመ። ምን እንደሆነ የገባን እኔና ጀርመናዊው ብቻ ነን። ነጭ ነው። እየሸሸ ነው።

ውሻዋ ተነሣች። ሴቶቹ ነጠላቸውን ሰበሰቡ። አንድ ሕፃን በጀርመንኛ "ውሻ! ውሻ!" እያለ ጮኸ። መቀመጥ የማልችለው ሰውዬ ከወንበሬ መላቀቅ አቃተኝ። ጀርመናዊው እጁን አንሥቶ መልሶ አወረደው። እሷ ግን አልሮጠችም። አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ በሽማግሌ እርምጃ፣ ጨርቁን እስከ መድረኩ ድረስ ተከተለችው። እኅቴ ስትቆም ነጩም ቆመ። ውሻዋ አፍንጫዋን ጭራው ላይ አሳርፋ ተኛች።

ኪቦርዱ ዝም አለ።

"ምንድን ነው የያዘኝ?" አለች እኅቴ ሳትዞር።

"ውሻዋ" አላት ሙሽራው።

"ትነክሳለች?"

"ተኝታለች።"

"እንግዲያው ይቀጥሉ ጋሼ።"

ጋሼ መጽሐፍ ቅዱሱን እንደ ያዙ ወደ በሩ አዩ። ከዚያ ወደ እኅቴ። መነጽራቸውን አውልቀው በክራቫታቸው ጠረጉ።

"አንድ ሚዜ ቀርቶብን ነበር ለካ" አሉ፤ ቤቱ በሳቅና በእልልታ ተናጋ። ውሻዋ ቀናም አላለች።

በኋላ ፎቶ አንሺው ቬሎው እንዲዘረጋለት ሊያባርራት ሲል እኅቴ ከለከለችው። እሷው ራሷ እዚያው ቆማ ቀረች። ኬኩን ከነጠረጴዛው ተሸክመን ወደ እሷ ወሰድንላት፤ የጠረጴዛውን አንድ እግር የያዝኩት እኔው፣ በማግሥቱ እሄዳለሁ ባዩ፣ ነበርኩ።