ጃማይካ ላይ የጾምኩት ጾም

ባለፈው እሁድ አትላንታ አጠገብ ሮዝዌል እህቴ ቤት ምሳ ተጠርቼ ሄድኩ። በሩን ከፍቼ ስገባ አንድ ትልቅ የጀርባ ቦርሳ ኮሪደሩን ዘግቶ ቆሟል። የእህቴ ልጅ የኤልያስ ነው። ልጁ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ደህና ደመወዝ የሚከፈለውን ሥራ ለቆ፣ ሦስት ወር ሙሉ ፊሊፒንስ ውስጥ ከደሴት ደሴት ሊንከራተት ነው። ሊንከራተት የምለው እኔ ነኝ፤ እሱ ሌላ ስም አለው።

«ስሎው ትራቭል ነው አጎቴ» አለኝ። «ላይክ፣ ሆቴል ቡክ አላደርግም፣ ፕላን የለኝም። ሎካል ሰዎች ቤት እበላለሁ፣ እነሱ ጋ አድራለሁ። ዩ ኖው፣ ሪል ሕይወት።»

እህቴ ከወጥ ቤት ሆና «ሪል ሕይወት እዚህ ምን ጎደለብህ?» አለችው። እኔ ቦርሳውን በእግሬ ገፋ አድርጌ አለፍኩ።

እኔ ባደግኩበት ሰፈር ዕቃውን በጀርባው ተሸክሞ፣ የት እንደሚያድር ሳያውቅ የሚዞር ሰው ወይ ከቤቱ የተፈናቀለ ነው፣ ወይ አእምሮው የተነካ ነው። ሰው ያዝንለታል እንጂ አይቀናበትም። እዚህ አገር ግን ለዚህ ብሎ ልዩ ጫማ የሚገዛ፣ ከሥራ ፈቃድ የሚጠይቅ ሞልቷል። ሲመለስም «ራሴን አገኘሁ» ይላል። ራሱ የት ጠፍቶ እንደነበር ስጠይቅ ግን መልስ የሰጠኝ የለም። ደግሞ ይህን የምለው ከሩቅ ቆሜ አይደለም፤ እኔም አንድ ጊዜ ሞክሬዋለሁ።

ያኔ ዕድሜዬ ከሃያ ስምንት አይበልጥም። በዲቪ መጥቼ፣ ዳውንታውን አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ የሰው መኪና ፓርክ እያደረግኩ እኖር ነበር። ሰማያዊውን የአሜሪካ ፓስፖርት ካገኘሁ ዓመት አልሞላኝም፤ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ «ውሰደኝ» የሚለኝ ይመስለኝ ነበር። አብሮኝ የሚሠራ ብራያን የሚባል ፈረንጅ ነበረ፤ ፍልስፍና ጀምሮ ያቋረጠ፣ ከሀብታም አባቱ ጋር የተጣላ፣ ደህናውን ሱሪ በመቀስ ቀዶ የሚለብስ። ጃማይካን በእግር እንዙር፣ ያለ ችኮላ፣ ያለ ዕቅድ ብሎ አሳመነኝ። ያሳመነኝ እሱ ነው ልበል እንጂ፣ እኔም ፈረንጅ የሚያደርገውን አድርጌ ማየት አምሮኝ ነበር።

ብራያን የቆየው አራት ቀን ነው። በአምስተኛው ቀን ሆዱን ቆረጠው። ከአባቱ ጋር በስልክ ታረቀና ባሕሩ ዳርቻ ላይ ወዳለ ሆቴል ገባ። እኔ እልህ ይዞኝ ብቻዬን ወደ ተራራው ቀጠልኩ።

መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ ነበር። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ይወርዳል፣ ሲያባራ ፀሐይ ይወጣና አስፋልቱ ይተናል። ማንጎ ከዛፉ ወድቆ መንገዱ ላይ ይፈነዳል፤ የሚያነሳው የለም። ከየጓሮው በኮኮናት ወተት የሚሠራ የባቄላ ወጥ ይሸታል። ይህን ሁሉ ያሳመረው አሁን ማስታወሴ ነው። ያኔ ተረከዜ ተልጦ፣ ትከሻዬ ቆስሎ፣ ያየሁትን ሁሉ እየናቅኩ ነበር የምሄደው። የቆርቆሮ ቤታቸውን ናቅኩ፣ ቀስ ብለው መናገራቸውን ናቅኩ፣ ጥላ ሥር መቀመጣቸውን ሳይቀር ናቅኩ።

ከሁሉ አብልጬ የናቅኩት ግን ራስታዎቹን ነው። እነሱ ኢትዮጵያ ሲባል ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። እኔ ከኢትዮጵያ ለመውጣት ዲቪ ሦስት ጊዜ የሞላሁ ሰው ነኝ። ቢሆንም አገሬን በተናገርኩ ቁጥር ወንበር ይለቀቅልኛል፣ ኮኮናት ይቆረጥልኛል። በሆዴ እየሳቅኩባቸው ኮኮናቱን እጠጣ ነበር።

አንድ ረቡዕ ቀትር ላይ ከመንገዱ ገባ ያለ ግቢ ደረስኩ። አሥር የሚሆኑ ሰዎች ዛፍ ሥር ምሳ ይበላሉ። የግቢው ባለቤት ኢዝራ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ የነጣ ፀጉራቸውን በጨርቅ የጠቀለሉ፣ ቀጭን ሰው። ከየት እንደመጣሁ ስነግራቸው ተነሥተው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። ከዚያ በቅል ምግብ ሞልተው አቀረቡልኝ።

ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም። ግን ያደግኩበት ወግ ከሆዴ ቀድሞ መለሰ። «አመሰግናለሁ፣ ይቅርብኝ» አልኩ። የእኛን ነገር ታውቁታላችሁ። ሰው ቤት ገብቶ በመጀመሪያው እሺ የሚል ሆዳም ይባላል። ሁለቴ እምቢ ይባላል፤ ባለቤቱ ይቆጣል፣ «በሞቴ» ይላል፤ ከዚያ እንግዳው የተገደደ መስሎ ቁጭ ይልና ጥርግ አድርጎ ይበላል። እኔም በሞቴውን እየጠበቅኩ ቆምኩ።

ሽማግሌው በሞቴ አላሉም። ግንባራቸውን መታ አድርገው ወደ ሰዎቹ ዞሩና «ዛሬ ረቡዕ ነው እኮ። ኢትዮጵያዊ ነው፣ ይጾማል» አሉ። ከዚያ አንድ በአንድ ሁሉም የያዘውን ምግብ ወደ ድስቱ መለሰ።

እኛ ቤት ጴንጤዎች ነን፤ ረቡዕን ጾመን አናውቅም። ያኔ «አይ፣ እበላለሁ» ማለት ይበቃ ነበር። ነገር ግን እምቢ ካሉ በኋላ ምግብ መጠየቅን ማን አስተምሮኝ? ደግሞ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቱ ሊያየኝ መጣ። አንዲት እናት ሕፃኗን አቅርባ ራሱን እንድነካላት ጠየቀችኝ፤ ነካሁላት። አትላንታ ቀኑን ሙሉ ቁልፍ ሲወረወርልኝ የምውል ሰው፣ እዚያ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያናግረኝ ጀመር። ወደድኩት፣ ምን አባቴ ልዋሽ።

ኢዝራ አጠገቤ ተቀምጠው «ጾሙ ስንት ቀን ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ሦስት፣ እህል ሳይቀመስ» አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

«እንግዲያው እኔም አብሬህ እጾማለሁ» አሉ።

እዚያው ግቢ ማደሪያ ሰጡኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ጥቅል ብስኩት ነበረኝ። ልጸልይ ብዬ ከሙዙ ተክል ጀርባ እሄድና ቁጢጥ ብዬ አንድ አንድ እውጣለሁ። እየዋጥኩ እንኳ «ሞኞች» እላለሁ። ሐሙስ ጠዋት ብስኩቱ አለቀ። ከዚያ በኋላ የእውነት ራበኝ፤ ሌሎቹ ተሸሽገው ከሚበሉበት ጓሮ የሚመጣው የወጥ ሽታ እያዞረኝ ተቀምጬ ስለ ላሊበላ የማላውቀውን አወራላቸው ነበር።

ዓርብ ረፋድ ላይ ሽማግሌው ከተቀመጡበት ተንሸራተው ወደቁ። ላብ አጥምቋቸዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። እንዳጋጣሚ ከተማ ክሊኒክ ውስጥ የምትሠራው ልጃቸው ማርሲያ ልትጠይቃቸው መጥታ ግቢው ውስጥ ነበረች። ስኳር በውኃ በጥብጣ ሮጣ አመጣች። ከንፈራቸውን ገጥመው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ወደ እኔ ዞራ «አባቴ ስኳር በሽታ አለበት» አለችኝ። «መድኃኒቱን እየዋጠ ምግብ ትቷል። ይህን ካልጠጣ ይሞትብኛል። እኔን አልሰማኝም፤ አንተ ንገረው።»

ይህን ስትለኝ እንኳ ክብሬን ማትረፍ አማረኝ። «አባቴ፣ ለታመመ ሰው ይፈቀዳል» አልኳቸው።

«አንተስ?» አሉኝ።

«እኔማ እጨርሳለሁ።»

«እንግዲያው እኔም እጨርሳለሁ» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

የማርሲያን ፊት አየሁ። ተንበርክኬ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አልኩና «ጾም የለም። ዋሽቼያችሁ ነው። እኔ ረቡዕን ጾሜ አላውቅም» አልኩ። ፈገግ አሉ። አምነውኝ አልነበረም። «እንዳልሞት ብለህ ነው እንዲህ የምትለው። ደግ ልጅ ነህ» አሉኝ።

ማርሲያ ተነሥታ ከድስቱ ምግብ ጨልፋ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። «ብላ» አለች።

መጀመሪያ በማንኪያ ጀመርኩ። እሳቸው እንዲያምኑኝ ብዬ ነበር፤ ሁለት ጉርሻ ጎርሼ ላቆም። ማቆም አቃተኝ። ማንኪያውን ጥዬ በእጄ ገባሁበት፤ ባቄላው በአገጬ ላይ ይፈሳል፣ ሳላኝክ እውጣለሁ፤ ሕፃኗን ያስነካችኝ ሴት ቆማ ታየኛለች። ቀና ስል ኢዝራ ዓይናቸውን ገልጠው እያዩኝ ነው። ቁጣ ጠበቅኩ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ይህን ሁሉ ቀን ርቦህ ነበር?»

አፌ ሙሉ ስለነበር ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። ያኔ ኩባያውን ከልጃቸው እጅ ተቀብለው ጠጡ። ጠጥተው ሲጨርሱ ለማርሲያ «ጨምሪለት» አሏት።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ቀና ብለው ተቀመጡ። እኔ ዝናቡ ሳይጀምር ቦርሳዬን አነሣሁ። ማንም አልሰደበኝም። ሲጠበስ ዳቦ ዳቦ የሚል የዛፍ ፍሬ አላቸው፤ ኢዝራ እሱን በቅጠል አስጠቅልለው ለመንገድ ሰጡኝ። መንገዱን አስጠነቀቁኝ፣ ድልድዩ ጋ ተጠንቀቅ አሉኝ። ስለ ኢትዮጵያ ግን ከዚያ በኋላ አንድ ነገር አልጠየቁኝም።

እሁድ ዕለት ምሳ እየበላን ሳለ ኤልያስ «አጎቴ፣ አንተም ጃማይካን ባክፓክ አድርገሃል አይደል? ማሚ ነገረችኝ። ሃው ዎዝ ኢት?» አለኝ።

«ደህና አገር ነው። ከሰዓት በኋላ ይዘንባል።»

«ሰዎቹስ?»

«ደጎች ናቸው» አልኩና ወደ ሳህኔ አቀረቀርኩ። ብነግረው «ሶ ቢዩቲፉል» ብሎ ስልኩ ላይ ይጽፈው ነበር።

ቦርሳውንም ስሎው ትራቭሉንም አሁንም እንቃለሁ። ብራያንንም እንደናቅኩት አለሁ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ እኔንም የናቀኝ ብዙ ነው፤ አለቃም፣ ደንበኛም፣ የገዛ አገሬ ሰውም። ተንቄም ንቄም ደህና እንቅልፍ እተኛለሁ፣ ለምጄዋለሁ። ያ ሽማግሌ ያኔ ቢሰድቡኝ ኖሮ እሳቸውንም ንቄ ረስቻቸው ነበር። አዘኑልኝ እንጂ አልሰደቡኝም፤ እሱን ነው እስከ ዛሬ ይቅር ልላቸው ያልቻልኩት።