ቁም ሳጥኑ ቁጭ ሲል

አክስቴን መንደሩ «መቀስ» ይላታል። ልብስ ሰፊ ስለሆነች ይሁን በምላሷ የተነሳ፣ ደፍሮ የጠየቃት የለም። ዘንድሮ ግን እኔን ያናደደኝ ምላሷ ሳይሆን ዝምታዋ ነበር።

ባሏ በሕይወት ሳለ «ቤቴ ሱቅ አይደለም» እያለ ቤት ውስጥ መርፌ አላስነካትም። ዕድሜዋን ሙሉ የሰፋችው ገበያ ዳር በተከራየቻት ጠባብ ክፍል ነው። ቤቷ ውስጥ ደግሞ የሰውየው ባለ ሦስት በር ቁም ሳጥን መስኮቱን ጋርዶ ተገትሯል። የእሱ ኮቶች እዚያ ተንፈላሰው ሲንጠለጠሉ፣ የእሷ ቀሚሶች አልጋ ስር ሻንጣ ውስጥ ይታጨቃሉ። ሰውየው አረፈ፣ ኮቶቹም ለሰው ተሰጡ። ቁም ሳጥኑ ግን ባዶውን እንደቆመ ቀረ።

ቆይቶ የክፍሏ አከራይ «ለልጄ ፈልጌዋለሁ» ብሎ አስወጣት። የስፌት መኪናዋን ይዛ ቤት ገባች። ጨርቅ የምትዘረጋበት ቦታ ስላልነበራት አልጋዋ ላይ፣ በዚያ ደብዛዛ ብርሃን መቁረጥ ጀመረች። አልጋ ደግሞ ይሰረጉዳል። አንዲት ደንበኛ አንድ ጎኑ ያጠረ ጉርድ ቀሚስ ይዛ መጥታ፣ «እትዬ፣ ዓይንሽን ታመምሽ እንዴ?» አለቻት። አክስቴ ቃል አልተነፈሰችም። ሴትዮዋም ሌላ ሰፊ ፈለገች። ሁለት ሦስት ሰው እንዲህ ቢሄድባት ጉሮሮዋ ተዘጋ ማለት ነው።

«ቁም ሳጥኑን ጠረጴዛ እናድርገው» ያልኩት እኔ ነኝ። እሷ ግን «መጀመሪያ ልጄን ላማክር» አለች። ያንን፣ ለቅሶ ሲኖር ብቻ የሚመጣ አንድ ልጇን! ደወለችለት።

«የአባቴ ማስታወሻ እኮ ነው! እንዳትነኪው!»

«እንግዲያው ውሰደውና አስታውስበት።»

«ኧረ እማዬ፣ እኔ ቤት የት ይገባል? ጠባብ ነው።»

ስልኩን ቀምቼ ልሞልጨው ስል እጄን ያዘችኝ። የእሱ ሳሎን ብቻውን የእሷን ቤት ሁለት ጊዜ ይውጣል። የአባቱን ማስታወሻ እናቱ ላይ ጭኖ እሱ ቀለል ብሎት ይኖራል። እውነቴን ነው፣ ደሜ ፈላ።

አክስቴ ስልኩን ዘግታ ድንገት ተነሳች። መጋዝ ልንዋስ ጎረቤታችን አናጢው ዘንድ ሄድን።

«እትዬ፣ ልጅሽን አማከርሽው?» አላት።

«መጋዝህን አውሰኝ ነው ያልኩህ። ምክሩ ይቅርብኝ።»

መቀሷ ተመለሰች! እኔም ደስ አለኝ።

በሮቹን ነቀልን። ወገቡ ላይ በጠመኔ አሰመረችና መጋዙን እየተቀባበልን ቆረጥነው። ፊት ለፊቱን ሲያዩት ያስፈራ የነበረው ቁም ሳጥን፣ ጀርባው ስስ ኮምፔርሳቶ ሆኖ ተገኘ። «ቁርጥ ባለቤቱን!» አለች፣ ሳቋ ግን ሳቅ አልነበረም። የላይኛው ግማሽ ሲነሳ ብርሃኑ ቤቱን ሞላው።

«ይኸው ነው፤ ስትቆም ኖረሃል፣ አሁን ቁጭ በል» አለችው።

በታችኛው ግማሽ ላይ ሁለቱን በሮች ጎን ለጎን አጋድመን ቸነከርናቸው። ወለል ያለ መቁረጫ ጠረጴዛ ወጣው። ሦስተኛውን፣ ባለ መስታወቱን በር ደንበኞች ራሳቸውን እንዲያዩበት ግድግዳው ላይ አስደገፍነው። ጠረጴዛው ሰፋ ስላለ የእንግዳ ወንበሮቹን አውጥተን ለጎረቤት ሰጠናቸው።

የእናቱ ናፍቆት አምጥቶት የማያውቀውን ልጅ ወሬው በሳምንቱ አመጣው። ገና ከደጃፉ ጮኸ።

«አባቴን ቆራረጥሽው!»

«አባትህን በሳጥን ቀብረነዋል። ሁለተኛ ሳጥን አያስፈልገውም።»

ቤቱን ዞር ዞር ብሎ ቃኘ። ጠረጴዛውን፣ መኪናውን፣ ክሩን አየና ከንፈሩን ጣለ።

«ታዲያ እኔ ስመጣ የት ልቀመጥ ነው?»

አክስቴ ቀና ብላ አላየችውም። ጨርቋን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በእጇ እየዳበሰች ታቃናለች።

«መምጣት ስትጀምር ያኔ እናያለን» አለችው።