ሚክዳድ ዓይኑን ሲገልጥ

ሚክዳድ ባጃጅ ሲነዳ በአንዱ ተሳፋሪ በኦሮምኛ እየቀለደ፣ ከሌላው ጋር በሶማሊኛ እየተጨቃጨቀ ነው የሚሄደው። ማይክ ያዘ ማለት ግን አለቀለት። በሁለት እጁ ማቆሚያውን አንቆ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ፍንክች አይልም። ድምፁ፣ እውነት ለመናገር፣ አንጀት ይበላል። እኔ ኒቆዲሞስ ከጀርባው ኪቦርድ ስጫወት ሦስት ዓመቴ ነው፤ ጀርባው እንኳ ሲንቀሳቀስ አይቼ አላውቅም።

አንድ ቀን ዋሂል የምትባል መንደር ሰርግ ላይ ሁለት ዘፈን አያይዞ እንደጨፈነ ዘፈነ። መሃል ላይ ምሳ ቀረበና ሰዉ ነቅሎ ወጣ። አይቻለሁ፤ አልነገርኩትም፤ እንዲህ ያለ ትርኢት ሁልጊዜ አይገኝም። ዓይኑን ሲገልጥ ድንኳኑ ውስጥ የቀረችው የተረሳ ሻርፕ የምታኝክ ፍየል ብቻ ነበረች። ጎንበስ ብሎ አመሰገናት።

የባንዳችን አለቃ ሃዎ ግን አልሳቀችም።

"ዋሪያ፣ አንተ ሚክዳድ፣ የዛሬ ሳምንት መልካ ጀብዱ ሰርግ አለን። እዚያም ከጨፈንክ፣ ወላሂ፣ የሚያይ ዘፋኝ እቀጥራለሁ።"

ልምምድ ጀመረ። የት? ጓደኛው ሱሌማን ቤት፣ በርጫ ላይ! ከሰዓት በኋላ ጫታቸውን ይዘው ፍራሽ ላይ የተጋደሙ አምስት ሰዎች ፊት። የመረቀነ ሰው እኮ ለቬንትሌተርም ያጨበጭባል። አንዱ አለቀሰ፤ ሌላው "አቦ፣ ዓለም እንዲህ ያለ ዘፋኝ አላየም" ብሎ ማለ። ሚክዳድ ደረቱን ነፍቶ መጣ።

"ዓይንህን ገልጠህ ነበር?" አልኩት።

"ምን ያስገልጠኛል? ወደውኝ እኮ ነው!"

በማግስቱ ረፋዱ ላይ እየጎተትኩ ቀፊራ ገበያ ወሰድኩት። እዚያ ኡባህ የምትባል ሽንኩርት ሻጭ አለች፤ ገዢ ገና ከሩቅ ሲመጣ ምን እንደሚፈልግ ታውቃለች። ጉዳዩን ነገርኳት።

"ዝፈን" አለችው። "በጨፈንክ ቁጥር አንድ ነገርህን እወስዳለሁ።"

በመጀመሪያው ዘፈን ኮፍያው ሄደ። በሁለተኛው የባጃጁን ቁልፍ ከኪሱ መዝዛ ሽንኩርት ሥር ቀበረችው። ሽንኩርቱን ተንበርክኮ ሲያገላብጥ ነው እውነቱን ያወጣው።

"ኒቆ፣ ዓይኔን ስገልጥ የሚሄደውን ሰው አያለሁ። ሰው ጥሎኝ ሲሄድ ማየት አልችልም።"

ለመጀመሪያ ጊዜ በሱ መሳቅ አቃተኝ። አሳዘነኝ።

ኡባህ ግን የምታዝን ሴት አይደለችም። "እኔን በቀን ስንት ሰው አልፎኝ ይሄዳል። ታዲያ ልጨፍን? እጠራዋለሁ! ጥራው አቦ!"

መልካ ጀብዱ ላይ ዓይኑን በልጥጦ ወጣ። ሙሽራዋ መጀመሪያ ደነገጠች። ሁለተኛው ዘፈን ላይ አንድ ሽማግሌ ሊወጡ ተነሱ። የሚክዳድ ድምፅ ሲንቀጠቀጥ ሰማሁት፤ ጨፈነ፣ አበቃለት አልኩ። እሱ ግን ማይኩን ከማቆሚያው ነቅሎ ወደ ሰዉ ወረደና፣ ዜማውን ሳይለቅ፣ "አባባ ባለኮፍያው፣ ወዴት ነው ጥለውኝ?" አላቸው። ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌው እየሳቁ ተመለሱና በትራቸውን እየነቀነቁ ጨፈሩለት። ከዚያ ማን ይነሳ! የተነሳ ሁሉ ይጠራል። ጭልፋዋን ይዛ ምሳ ደርሷል ልትል የመጣችውን ወጥ ሠሪ እንኳ ጠርቶ ከነጭልፋዋ አስጨፈራት። የገዛ ወንድሜ የሆነ ያህል ኮራሁበት።

በመጨረሻ ሃዎ በሰዉ መሃል ተሹለክልካ እጅጌውን ያዘችው።

"ሚክዳድ፣ በአላህ፣ ሩዙ ቀዘቀዘ። ለአንድ ዘፈን ብቻ ጨፍንልን!"

ትኩር ብሎ አያትና፣ እሷንም በዜማው መሃል በስሟ ጠራት።