ሁለቱንም ስጪኝ

የክረምት ኩሬ ፀሐይ ሲያገኘው የሚያወጣው ሽታ፣ ያ የበሰበሰ ሣርና የሞቀ ጭቃ ሽታ፣ ዛሬም መስከረም ላይ በድንገት አፍንጫዬን ሲመታኝ ሰውነቴ ሳላዝዘው ይሸማቀቃል። ወዲያው የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በነበረችው የጭቃ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሜ ራሴን አየዋለሁ።

ከቡልጋ ወደ አዳማ የወረድነው ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ነበር። ከተማዋ ያኔ ናዝሬት አልተባለችም፤ ጣቢያው፣ ጥቂት የቆርቆሮ ሱቆች፣ የጨው ተራና አቧራ የሚያስነሳ ነፋስ ብቻ ነበሩባት። አባቴ ሐዲድ ጠጋኝ ሆኖ ተቀጥሮ ነበርና፣ አለቃው ባዶ ቤት አለ ብሎ ሲሰጠው እናቴ ከደስታዋ ብዛት መሬት ሳመች። ቤቱ ለምን ባዶ እንደሆነ አንዳችንም አልጠየቅንም።

ዕቃችንን ከአህያ ሳናወርድ ጎረቤቶቹ መጡ። አንዱ እንጨት፣ አንዷ ውኃ፣ ሌላዋ በቅል እርጎ ይዘው እየገቡ፣ ያመጡትን ካስቀመጡ በኋላ እኔን አስካለንና የሁለት ዓመቱን ወንድሜን ክፍሌን ትኩር ብለው አይተው፣ አንገታቸውን አቀርቅረው ይወጡ ነበር። ከሁሉ የባሰችው በአጥር የምትዋሰነን እትዬ ዘሀራ ነበረች። እሷ የወሎ ሰው ስትሆን ባሏ ሁሴን አርሲ ነበር፤ በበቅሎ ጨው እየጫነ ወደ ደጋው ይነግድ ነበር። በማግስቱ ማንም ሳይጠራት ጭቃና ጭድ አቡክታ መጥታ ግድግዳችንን መለሰን ጀመረች። ከበሩ አጠገብ፣ ጭቃው እርጥብ ሳለ የታተሙ ሦስት የልጆች እጆች ነበሩ፣ አንዱ ከሌላው ዝቅ ያለ።

«የማን እጅ ነው?» አልኳት።

«ከናንተ በፊት የነበሩ ልጆች።»

«የት ሄዱ?»

እሷ መዳፏን ጭቃ ሞልታ ትንሹን እጅ ደፈነችው።

መስከረም ሲጠባ ኩሬዎቹ መጉደል ጀመሩ፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ትንኙ ከመሬት እንደ እንፋሎት ይነሣ ነበር። የአባቴ የሥራ ጓደኞች የወባ ንዳድ እየያዛቸው አንድ በአንድ ከሐዲዱ ይቀሩ ነበር። እትዬ ዘሀራ በየምሽቱ እየመጣች ከደጃፋችን ኩበት ታጨስልን ነበር፤ ደግነቷ በበዛ ቁጥር ግን እናቴ ትጨነቅ ጀመር። «ሰው ያለ ምክንያት እንዲህ አይሆንም» ትለው ነበር አባቴን። ጊዜውም ፈንጋይ ልጅ ሰርቆ ወደ ባሕር ማዶ ይሸጣል እየተባለ በየመንገዱ የሚወራበት ጊዜ ነበር።

የመስቀል ማግስት፣ አባቴ ለአንድ ሳምንት ሥራ ወደ መተሐራ በሄደበት፣ እትዬ ዘሀራ መጥታ በራችን ላይ ቆመች።

«እህቴ፣ ሁሴን ነገ ወደ ደጋ ይወጣል። ልጆቹን ስጪኝ። አማቴ ዘንድ ይቆዩና ኅዳር ሲገባ ይመለሳሉ።»

እናቴ ክፍሌን ከመሬት መንጭቃ አቀፈችው። «ልጅ ስጪኝ ማለት በየት አገር ነው? እርስዎ ፈንጋይ ነዎት እንዴ?»

የእትዬ ዘሀራ ፊት ጠቆረ። ትሄዳለች ብዬ ስጠብቅ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች።

«እዚህ ቤት ሦስት ልጆች ነበሩ» አለች፤ «እንደናንተው ከደጋ የመጡ። በአንድ ጥቅምት ንዳዱ ሦስቱንም ወሰዳቸው። ለእናታቸው አስቀድሜ ልነግራት ፈርቼ ዝም አልኩ። ወላሂ፣ ሁለተኛ ዝም አልልም። ሁለቱንም ስጪኝ። ማተባቸውን የሚነካ የለም፣ የኛን ሥጋም አይበሉም፤ ገብስና ወተት ሞልቷል።»

እናቴ ክፍሌን እንዳቀፈች በሩን ዘጋች። ሲነጋ ግን ፊቴን አጥባ፣ ነጠላዋን አልብሳኝ፣ እጄን ይዛ ወደ በቅሎዎቹ ወሰደችኝ። ክፍሌ በጀርባዋ ታዝሎ ነበር።

«እሱ ጡት አልጣለም» አለች።

«ሁለቱንም ስጪኝ፣ እህቴ» አለች እትዬ ዘሀራ።

እናቴ ፊቷን አዞረች።

በበቅሎዋ ላይ ከተጫነው ጨው ላይ ተቀምጬ ሁለት ቀን ተጓዝኩ። የተሸጥኩ መስሎኝ ነበር፤ ሸሽቼ ስመለስ መንገዱ እንዳይጠፋኝ እያንዳንዱን ትልቅ ግራር ዞሬ አይ ነበር። አዋሽን ከተሻገርን በኋላ ግን ግራሩ እየበዛ ምልክቱ ጠፋብኝና ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ። ሁሴን በቅሎዋን አቁሞ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

የሁሴን እናት አማርኛ አታውቅም ነበር። ወተት ስትሰጠኝ ከንፈሬን ገጥሜ ብዘጋ፣ መጀመሪያ ራሷ ተጎንጭታ አሳየችኝና «ዱጊ፣ ኢንታላ ቲያ» አለችኝ፤ ጠጪ፣ ልጄ ማለቷ ነበር። ጥቅምትን ሙሉ ከጎኗ፣ በጋቢዋ ውስጥ ተኛሁ። ያም ሆኖ እንግዳ በመጣ ቁጥር ሊገዙኝ የመጡ እየመሰለኝ ከጎተራው ጀርባ እደበቅ ነበር፤ እሷም ሳትቆጣኝ እየመጣች ታወጣኝ ነበር።

ኅዳር ገብቶ ስንመለስ፣ እትዬ ዘሀራ ከራሷ ቤት ሳይሆን ከኛ ቤት ወጣች። ከስታ ነበር። ውስጥ ገብቼ እናቴን ፀጉሯን ተላጭታ መደብ ላይ ተኝታ አገኘኋት፤ አባቴ ግድግዳውን ተደግፎ ይንቀጠቀጥ ነበር። ክፍሌን በዓይኔ ፈለግሁት። አልነበረም፤ መጠየቅም አላስፈለገኝም።

ወላጆቼ ሁለቱም ንዳድ ጥሏቸው በነበረ ጊዜ፣ እትዬ ዘሀራ ቄስ ፍለጋ በእግሯ ሄዳ ወንድሜን አስቀብራ፣ ከዚያም ወር ሙሉ ሙቅ እየጋተች አስታማቸው እንደነበር በኋላ ከጎረቤት ሰማሁ።

ሁለቱ ሴቶች ከዚያ በኋላ በአንድ አጥር አረጁ። እኔም አግብቼ ወልጄ ነበር፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ምስር ሲለቅሙ፣ እኔ ጓዳ ሆኜ ሰማኋቸው።

«አስካለን የሰጠሁሽ አምኜሽ አልነበረም» አለች እናቴ፣ ምንም ባልተጀመረበት። «አንቺም ብትሸጫት፣ ንዳዱም ቢመጣ፣ አንዱ ይተርፍልኛል ብዬ ከፋፈልኳቸው። ወንዱን ለራሴ አስቀረሁ።»

«አውቃለሁ» አለች እትዬ ዘሀራ፣ ከምስሩ ቀና ሳትል። «ያን ጠዋትም አውቄ ነበር።»

ብዙ ቆይቼ ነው ከጓዳ የወጣሁት። እናቴን ስለዚያ ቃል አንድም ቀን አልጠየቅኳትም።

ዛሬ በዚህ ከተማ ንዳድ የያዘው ሰው መድኃኒት ውጦ በሳምንቱ ሥራ ይገባል፤ አዲስ ሰው በየቀኑ ይመጣል፣ የሚቆጥረውም የለም። በግቢያችን አዲስ ተከራይ ሲገባ እኔም ሰላም ብዬ፣ የጎደላቸውን ጠይቄ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ደግ ጎረቤት ይሉኛል። ፈንጋይ ተብላ ተሰድባ ከበር ላይ የማትነሣ ሴት ግን እኔ አይደለሁም፤ እንዲህ ያለችም ካየሁ ብዙ ዘመኔ ነው።