አሞርዛተሩና የአባቴ ጉልበት

የእኔ መኪና እንኳን ለላስታ ድንጋይ ለአዲስ አበባ አስፋልትም የተሠራች አይደለችም። በጉብዝናዋ ዘመን ለውድድር የምትነዳ፣ ሁለት በር፣ ቱርቦ ያላት፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ትንሽ የቀረው አሮጊት ናት። ቤንዚን እንደ ጠላ ትጠጣለች። ላሊበላ ላይ ደግሞ ቤንዚን ሲጠፋ በጀሪካን ነው የሚገኘው፣ ሻጩ ባሰኘው ዋጋ። ካንዴላዋ ከአዲስ አበባ፣ ጎማዋ ከደሴ ይመጣል። ሚስቴ «ይህችን ከምትቀልብ በሬ ብትቀልብ አርሶ ያበላን ነበር» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ግን እወዳታለሁ፣ ምን ላድርግ!

አባቴም ወደዷት። ጉልበታቸውን ካመማቸው ወዲህ እኔ ተቀጥሬ የምነዳው የሆቴል ረጅም መኪና ላይ መውጣት አቅቷቸዋል። የእኔዋ ላይ ግን አጭር በርጩማ ላይ እንደሚቀመጡ ቁጭ ማለት ብቻ ነው። አንድ ቀን «ይምርሐነ ክርስቶስን ሳልሳለም እንዳልሞት፣ አደራ» አሉኝ።

መንገዱን አሳምሬ አውቀዋለሁ። በዚያ ድንጋይ ላይ የእኔዋ ሆድ ዕቃዋ ይዘረገፋል። ስለዚህ ወልድያ ጋራዥ ወስጄ ከመሬት ከፍ እንድትል አሞርዛተሩንና ሞላውን በረጃጅም አስቀየርኩ፣ ትልልቅ ጎማም አስገጠምኩ። ለቤታችን ጣሪያ ቆርቆሮ ያስቀመጥኩት ሁሉ እዚያው ቀለጠ። ስመለስ ጉድጓድ እየፈለግሁ ነበር የምገባበት፤ ምንም አልነካትም። እንዴት እንደተኩራራሁ!

በማግስቱ ማለዳ አባቴ ጋቢያቸውን ደርበው ወጡ። በሩን ከፈትኩላቸው። ምርኩዛቸውን ተክለው እግራቸውን አነሱ፤ አልደረሰም። ደገሙት፤ አልሆነም። ክው አልኩ። ላደርሳቸው ብዬ አስረዘምኳት፣ አስረዝሜ ከለከልኳቸው። እንዲህ ያለ ጅል የት ይገኛል? ተሸክሜ ላስገባቸው ስጠጋ ተቆጡ።

«እኔ ሬሳ ነኝ? በቅሎ ላይስ በምን ነበር የምንወጣ?» አሉና ከደጃፋችን ያለውን ትልቅ ድንጋይ በምርኩዛቸው አሳዩኝ።

አስጠግቼ አቆምኩ። ድንጋዩ ላይ ቆመው ቀስ ብለው ገቡ። ትንሽ እንደሄድን «በቅሎ ግን ከዚህች ትሻላለች፣ ሣር ነው የምትበላ» አሉኝ።

ደረስን። ሆዷን አንድም ድንጋይ አልነካውም። ከመኪና ማቆሚያው ቤተ ክርስቲያኑ እስካለበት ዋሻ ግን በጥድ መሐል ዳገት አለ። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ ደግፌ አወጣቸዋለሁ ብዬ ነበር። አባቴ ዐሥር እርምጃ ያህል ወጥተው ተቀመጡ። ጉልበታቸውን ሲያሹ ሳይ እንባዬ መጣ። ያ ሁሉ አሞርዛተር ለዚህች ዳገት ምን ይሠራል?

«ለእኔ ይህም ይበቃኛል» አሉ። «አንተ ሂድና ተሳለምልኝ።»

ስንት ዓመት የሆቴሉን እንግዳ እዚህ ሳመላልስ አንድም ቀን ወጥቼ አላውቅም። እነሱ ሲወጡ እኔ ከታች ጎማ ስፈትሽ፣ መስታወት ስወለውል ነው የኖርኩት። ወጣሁ። በሩን ሳምኩ፤ «አባቴን አቆይልኝ» አልኩና ወረድኩ። አባቴ ከተቀመጡበት ወርደው መኪናዋን ተደግፈው ቆመዋል።

«ተሳለምክልኝ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«የራስህንስ?»

ለራሴ የሚል ነገር ትዝም አላለኝ። አባቴ የመኪናዋን ቁልፍ ከእጄ ወሰዱና «በል ተመለስ» አሉኝ። «መኪናህን እኔ እጠብቅልሃለሁ።»