አባቴን ደሃ ያስባልኩበት ወረቀት

ከአሰላ የወጣሁት ሱብሂ ተሰግዶ፣ ጉሙ ገና ሰው ከሰው በማያስለይበት ሰዓት ነው። እማዬ በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮ የሞላችበትን ዕቃ ሻንጣዬ ውስጥ እየጠቀጠቀች ታለቅሳለች። የአዳማው ሚኒባስ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቀኛል። አባዬ ከኮቱ የውስጥ ኪስ አንድ የታሸገ ፖስታ አወጣ። የቀበሌው ማኅተምና የአዲስ አበባው አስተርጓሚ ማኅተም ጎን ለጎን አርፈውበታል።

«እንዳትከፍቺው» አለኝ፤ «እንደታሸገ ለሰዎቹ ስጪልኝ።»

አልከፈትኩትም። የታሸገ ደብዳቤ ተሸካሚው ከከፈተው ዋጋ የለውም ሲባል ነው ያደግነው። ስኮላርሺፕ ፍለጋ ለምትወጡ ልጆች ከዚህ ሁሉ መከራ ያተረፍኩት አንድ ምክር ቢኖር፣ እባካችሁ ፖስታውን ክፈቱት የሚል ነው።

የመጣሁት ሰሜን ጣሊያን ነው፣ ለሁለተኛ ዲግሪ። ትምህርት ቤቱ ተቀብሎኛል። ስኮላርሺፑ ግን (እነሱ ቦርሳ ይሉታል) በጉብዝና ብቻ አይሰጥም። የቤተሰብሽ ኑሮ ዝቅተኛ መሆኑን የሚያስረዳ ወረቀት ታቀርቢያለሽ፤ ከዚያ ስምሽ ግራዷቶሪያ በሚሉት ዝርዝር ላይ ይወጣል ወይም ይቀራል። ከወጣ ትምህርቱም መኝታውም ምሳውም ተቻለልሽ። ከቀረ የመኖሪያ ፈቃድ የለም፣ ሻንጣሽን አንስተሽ ወደ መጣሽበት ነው።

ብርዱን የአሰላ ልጅ ነኝ ብዬ ንቄው ነበር። የእኛ ብርድ ረፋድ ላይ ፀሐይ ስትወጣ አፍሮ ይሄዳል፤ የዚህኛው ዓይን አውጣ ነው፣ ቀኑን ሙሉ አብሮሽ ይውላል። ሰዎቹ ደግሞ ገና ሲያገኙኝ «ቻው» ይሉኛል። መሄዳቸው መስሎኝ መንገድ ስለቅላቸው ለካ መምጣታቸው ነው።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ የተማሪዎች ድጋፍ ቢሮ ጠራኝ። ፖስታውን የተቀበለችኝ ሴትዮ ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታዋለች።

«ሲኞሪና፣ አባትሽ ስመ ጥር ነጋዴ ናቸው ይላል» አለችኝ በእንግሊዝኛ።

«ትንሽ ሱቅ ነው ያለው።»

«ሱቃቸው ሙሉ ነው ይላል። በአካባቢው መዋጮ ሁሉ ቀዳሚ ናቸው፣ ለብዙ ችግረኛ ደርሰዋል ይላል።» መነጽሯን አወለቀች። «በዚህ ወረቀት መሠረት አባትሽ እኛንም ሊረዱን ይችላሉ።»

አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ ሳቀ። እኔም ሳላስበው ሳቅሁ። ሴትዮዋ ግን ወረቀቱን መለሰችልኝ። የመጨረሻው ዝርዝር የሚወጣው በአሥረኛው ቀን ነው፤ እስከዚያ ሌላ ወረቀት ካልመጣ ስምሽ ይሰረዛል አለችኝ።

ከቢሮው ደጃፍ ሳልርቅ ደወልኩ።

«አባዬ፣ ወረቀቱ ተመለሰ።»

«ምን ጎደለው?»

«ምንም አልጎደለውም። ሞልቶ ነው የተመለሰው። እነሱ የሚፈልጉት... ማስተማር እንደማትችል ነው።»

«ሰው ልጁን ባዕድ ቤት ሲልክ ምን ብሎ ነው የሚልካት?» ድምፁ ከፍ አለ። «አንድም የሚጠይቃት የላት፣ ከደሃ ቤት ነው የወጣችው ብሎ? እንዲንቁሽ?»

የአባዬ ችግር እኔን እንደሚድር አድርጎ ማሰቡ ነው። ሽማግሌ ለጋብቻ ሲመጣ የልጅቷ ወገን ቤቱን ያሞግሳል እንጂ ጓዳውን አይገልጥም።

«አሥር ቀን ነው ያለኝ» አልኩት።

«እሺ» ብሎ ዘጋው።

ከዚያ በኋላ ስልኩን አያነሳም። የማደሪያው ኃላፊ አልጋዬን ለሌላ ልጅ ሊያሳይ ሁለት ጊዜ በር አንኳኩቷል። በስድስተኛው ቀን እማዬን አገኘኋት። ቀበሌው ሦስት የጎረቤት ምስክር አምጣ ብሎታል፤ ምስክሮቹ ግን አሻፈረኝ ብለዋል።

«ኦቦ ገመቹ ምን እንዳለው ታውቂያለሽ?» አለችኝ። ኦቦ ገመቹ አጥር የምንጋራው ጎረቤታችን ነው። «‹ዋላሂ፣ አንተን ደሃ ነው ብዬ አልፈርምም። የልጄን ሠርግ አብረኸኝ የደገስክ ሰው! በሐሰት መስክሬ የት ልገባ ነው?› አለው።»

«አባዬስ ምን አለ?»

«ምን ይላል? ተመልሶ መጣ።»

አለቀልኝ አልኩ። ዘጠነኛው ቀን ላይ፣ ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር ስቤ አውጥቼ ሳለ፣ የአዲሱ ወረቀት ፎቶ ከነትርጉሙ ስልኬ ላይ ገባ። በኦሮምኛ የተጻፈውን ራሴ አነበብኩት። ሦስቱ ምስክሮች በአባዬ ጥያቄ ሱቁ ውስጥ ገብተዋል፤ እሱ መሰላል ላይ ወጥቶ ከመደርደሪያው የሳሙናውንም የብስኩቱንም ካርቶን አንድ በአንድ እያወረደ፣ እየከፈተ አሳይቷቸዋል፤ ከታችኛው መደርደሪያ በስተቀር ሁሉም ባዶ መሆኑን በዓይናቸው አይተው ፈርመዋል ይላል። ሌላ ከተማ በተማርኩባቸው ዓመታት ለክረምት በመጣሁ ቁጥር ያን ሱቅ ሙሉ ነው ብዬ አምን ነበር። የማደሪያው ወለል ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አፈርኩም፣ ተናደድኩም፣ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ስሜ ወጣ። ስደውል አባዬ ራሱ አነሳው።

«ተቀበሉሽ?»

«ተቀበሉኝ፣ አባዬ።»

«አልሐምዱሊላህ።» ቀጠለና «ወረቀቱን እዚያ ስንት ሰው አነበበው?» አለኝ።

«አንዲት ሴትዮ ብቻ።» ዋሸሁት፤ ሦስት ቢሮ ነው የዞረው።

ይኸው ክረምቱ እዚህ ገብቶ ወጣ። ባለፈው ሳምንት ደወልኩና እማዬን «አባዬን አገናኚኝ» አልኳት።

«ዙሁር ሊሰግድ ሄዷል።»

«እስካሁን? መስጊዱ እኮ በራችን ላይ ነው።»

«እሱ አሁን ላይኛው ሰፈር ነው የሚሰግደው» አለችኝ። «እዚያ ብዙ ሰው አያውቀውም።»