ባዶው ሕንፃ የጠጣው ውሃ

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ አዳማ ውስጥ አንድ ባለ አራት ፎቅ የቢሮ ሕንፃ ላይ ነበር። የውሃ ፍጆታ ኦዲት ያስተማሩኝ ኢንጂነር ገመቹ ከመኪና ሳንወርድ "ከየት ትጀምሪያለሽ?" አሉኝ። "ከመጸዳጃ ቤቱ" ስላቸው ሳቁ። "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ! ከቆጣሪው ነው እንጂ። ሁሉን ዘግተሽ ቆጣሪው ከዞረ የሚያፈስ አለ።"

ሥራው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። የመጸዳጃ ቤቱ ሲፎን ውስጥ ቀለም ጠብ ታደርጋላችሁ፤ ማንም ሳይለቀው ሳህኑ ላይ ቀለም ከታየ ሲፎኑ ያፈስሳል። ጣሪያ ወጥታችሁ ሮቶው ሞልቶ እንደማይፈስ ታያላችሁ። በአዳማ ፀሐይ ያ ቆርቆሮ ያስጨፍራል። እኔ ግን እወደው ነበር።

ከሁሉ የምኮራበት ሥራዬ በአንድ የግል ድርጅት ቢሮ የሠራሁት ነው። የውሃ ሂሳባቸው ንሮ ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ አቶ ታደሰ ጥፋተኛ ያሏቸውን ገና ሳልለካ አግኝተው ጠበቁኝ፤ የጽዳት ሠራተኛዋን እትዬ እታገኝን። "ወለሉን በውሃ ታጥለቀልቀዋለች። ሰኞ አሰናብታታለሁ፤ አንቺ ሪፖርቱን ጻፊልኝ" አሉኝ።

እትዬ እታገኝ ኮሪደሩ ላይ ጠብቀው እጄን ያዙኝ። "ልጄ፣ በማርያም፣ እኔ አላባከንኩም። ልጆቼን የማሳድገው በዚህ ሥራ ነው" አሉኝ። አንጀቴን በሉት።

"ሳልለካ አልጽፍም" አልኳቸው አቶ ታደሰን። ፊታቸው ተኮሳተረ።

ቅዳሜ ሁሉም ከወጣ በኋላ ቆጣሪውን አየሁ፤ ቀጥ ብሏል። የፈረቃ ውሃ አልመጣም ነበር። እሑድ ረፋድ ላይ አቶ ታደሰን ለምኜ ይዣቸው ተመለስኩ። ግቢው ጭር ብሏል፤ ቆጣሪው ግን ይከንፋል። ውጭ በር ላይ የሚጠብቁት ዘበኛ ሕንፃውን ከፈቱልን። በየፎቁ የእጅ መታጠቢያው ቧንቧ ይንዠቀዠቃል።

አዳማ የኖረ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ውሃ ሲጠፋ ቧንቧ ከፍተን እንተዋለን፤ ሲመጣ በድምፁ እናውቃለን። ለቤት ብልሃት ነው። ቢሮ ግን ቅዳሜ ተዘግቶ ውሃው እሑድ ቢመጣ ማን ይሰማዋል? እነዚያ መታጠቢያዎች ደግሞ በሮቶ በኩል ሳያልፉ በቀጥታ ከከተማው መስመር የተቀጠሉ ነበሩ።

በመጨረሻ አቶ ታደሰ የራሳቸውን ቢሮ ከፈቱ። የዚያ ክፍል ቁልፍ ከእሳቸው በቀር በማንም እጅ የለም። የውስጥ መታጠቢያቸው ቧንቧም ይፈስሳል። በገዛ እጃቸው ዘጉት። "አርብ ዕለት እጄን ልታጠብ ብዬ ከፍቼው ነበር" አሉ።

ሰኞ እትዬ እታገኝ ሥራቸው ላይ ነበሩ። በየፎቁ ተጭነው ሲለቁት ራሱን የሚዘጋ ቧንቧ አስገጠምኩ።

ውሃ አባከነ ብሎ ሰው ከመክሰስ በፊት፣ ሰው የሌለበትን ሕንፃ መለካት ያስፈልጋል።